መርፌው የቆመበት ጣቢያ

ጠቅላላ ነገሩ ከእኔ የወሰደው አራት ጥርስ፣ የግራ ጆሮዬ፣ ከቀኝ እግሬ ሁለት ጣትና አንድ ሱቅ ነው። ጥርሶቹ የፊት ናቸው። የነጋዴ የፊት ጥርስ እንደ ሱቅ መስኮት ስለሆነ ለብቻቸው እቆጥራቸዋለሁ። ሌላ ሰው የከፈለውን ስደርስበት እናገራለሁ። ይህ ሁሉ የመጣው አንዲት ነገር ለማወቅ በመፈለጌ ነው። የልደታ ሰፈር ሴቶች ሬዲዮ የሚሰሙት መቼ ነው? የሚሰሙትስ የትኛውን ጣቢያ ነው?

የፀጉር ቅባት እሠራ ነበር። ከልደታ ማርያም ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ፊቱ ሱቅ ጀርባው ማድቤት የሆነ አንድ ክፍል ነበረኝ። ቫዝሊን በበርሜል ገዝቼ አቀልጣለሁ፣ ሽቶ ጠብ አደርግበታለሁ፣ በትንንሽ ቆርቆሮ እሞላለሁ። ደርግ ፋብሪካዎቹን ሲወርስ የእኔን ሥራ ዞር ብሎም አላየው። ለመወረስ እንኳን የማልበቃ ሰው መሆኔ ትንሽ አሳፍሮኝ ነበር። ቢሆንም በቀበሌ ስብሰባ ላይ «ንዑስ ከበርቴ» ብለው ሲሰድቡኝ ደረቴን ነፋ አደርግ ነበር፤ ሰው ከበርቴ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነዋ።

ቅባቱ ደህና ቅባት ነው። ደህና መሆኑን የሚያውቁት ግን ከእጄ የገዙ ሴቶች ብቻ ነበሩ። በሬዲዮ ማስነገር አለብኝ አልኩና ማስታወቂያ ወደሚቀበሉበት ቢሮ ሄድኩ። በር ላይ ሁለት ጊዜ ተፈተሽኩ። ለናሙና የያዝኩትን ቅባት ጠባቂው ከፍቶ በጣቱ ዛቀና ጢሙን ቀብቶ አሳለፈኝ።

የማስታወቂያው ሠራተኛ ቀጭን፣ የደከመው፣ ቀልድ የማይወድ ሰው ነው። «ጠዋት አለ፣ ቀትር አለ፣ ከሰዓት በኋላ አለ፣ ማታ ከዜና በፊት አለ» አለኝ። «የማታው ውድ ነው።»

«ለምን ውድ ሆነ?»

«ሁሉም ሰው የሚሰማው እሱን ነዋ።»

«ሁሉም ሰው ማን ነው?»

«ሰፊው ሕዝብ!» አለ፣ ወደ በሩ እያየ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

እኔ ሰፊው ሕዝብ የፀጉር ቅባት ሲገዛ አይቼ አላውቅም። ቅባት የምትገዛው አንዲት ሴት ናት፤ ቀጥሎ ጎረቤቷ፣ ቀጥሎ የጎረቤቷ እህት። «ጓድ፣ ሴቶቹ የሚሰሙት የትኛውን ሰዓት እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት አላችሁ?» አልኩት።

«የምን ወረቀት?»

«የሚሰማችሁን ሰው የቆጠራችሁበት።»

«እኛ እንናገራለን» አለ። «መስማት የእነሱ ሥራ ነው።»

እኔ ሰንጋ ተራ ገና ከብት ይሸጥበት በነበረ ጊዜ ከደላሎች እግር ሥር ያደግኩ ሰው ነኝ። የተማርኩትም እዚያው ነው፤ በሬ የሚገዛ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ሳያይ እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም። የማላየውን ሰዓት ውድ ነው ስላሉኝ ብቻ አልገዛም ብዬ ተመለስኩ። እነሱ ካልቆጠሩ እኔው እቆጥራለሁ አልኩ።

በእግሬ ጀመርኩ። ቅባቴን በዘንቢል አንጠልጥዬ አንድ ቀን ጠዋት፣ አንድ ቀን ቀትር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በየመንደሩ እዞራለሁ። ሬዲዮ የሚሰማበት ግቢ ጋ ስደርስ ጫማዬን እንደሚያስር ሰው ጎንበስ ብዬ አዳምጣለሁ፣ አለፍ ብዬ ደብተሬ ላይ ሰረዝ አሰምራለሁ። ጊዜው እንዴት ያለ ጊዜ እንደነበር ለኖረበት መንገር አያስፈልግም፤ ላልኖረበት ደግሞ ይህን ልበል። ጠዋት ከቤቱ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መንገድ ዳር የተጣለ ሬሳ ነበር፤ ቀጥሎ የሚያየው የገዛ እግሩን ነው፤ ቀና ብሎ ማየት ራሱ ያስጠይቃል። አንድ ጠዋት ከተክለ ሃይማኖት ወረድ ብሎ ካለው አጥር ሥር ሦስት ወጣቶች ተጋድመው አገኘሁ። ደረታቸው ላይ ካርቶን ተለጥፏል። የአንደኛው አንድ እግር ላይ ብቻ ጫማ አለ። በዚያ መንገድ ካሉት ሬዲዮዎች አንዱም አልተከፈተም። ደብተሬን አውጥቼ ዜሮ ጻፍኩ። ዜሮው ትክክል ነበር፤ ሌላ የሚጻፍ ነገር ግን አልመጣልኝም።

በዚያ ዘመን በሰው በር ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያዳምጥና ደብተር ላይ የሚጽፍ ሰው ምን እንደሚባል ልጅም ያውቃል። እኔ ብቻ ሳላውቅ ቆየሁ። መጀመሪያ የታዘብኩት እኔ ስደርስ ሬዲዮው ዝቅ ማለቱን ነው። እኔ ደግሞ «አሃ፣ በዚህ ሰዓት ሬዲዮ ዝቅ አድርገው ይሰማሉ» ብዬ መዘገብኩ። ቀጥሎ ሴቶቹ ቅባት መግዛት ተዉ። ቀጥሎ አንድ ከሰዓት በኋላ ከአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ስወጣ አንድ ሰው ከኋላዬ ግራ ጆሮዬ ላይ በብረት ዘንግ አሳረፈብኝ።

ስወድቅ ሁለት መሆናቸውን አየሁ። ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነዋል።

«ለቀበሌ ስንት ስንት ነው የምትሸጠን?» አለኝ አንደኛው።

«ቅባት ነው የምሸጠው» አልኩት።

ሁለተኛው ሳቀ። የመጀመሪያው አልሳቀም፤ ደገመኝ። ዘንቢሉን ደፍተው ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ በጫማቸው ረገጧቸውና ሄዱ። ደሜና ሽቶዬ ተደባልቀው ሲሸቱኝ ትዝ ይለኛል። በግራ ጆሮዬ የሰማሁት የመጨረሻ ነገር የቆርቆሮ መጨፍለቅ ነው።

ከዚያ መተላለፊያ ጎትቶ ያወጣኝ ከሱቄ ጎን ሬዲዮ የሚጠግነው ሰውዬ ነው። በአሥር ዓመት ያህል ይበልጠኛል፤ ጋሼ ነበር የምለው። ሙያውን የተማረው ጦር ሠራዊት ውስጥ ነው። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ሰው ሲያናግረው እንኳን ዓይኑን ከሥራው የማያነሳ። ጭንቅላቴን በአልኮል እያጠበ ሰበቡን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ሥራውን አቁሞ ቀና ብሎ ያየኝ ያን ቀን ነው።

«አንተ ሰው» አለኝ፣ «በሰው በር ላይ ቆመህ ከምትሰማ ራሱን ሬዲዮውን ለምን አትጠይቀውም?»

ወደ መደርደሪያው ወሰደኝ። ለጥገና የመጡ ሬዲዮዎች ተደርድረዋል። በብዙዎቹ ላይ፣ ጣቢያ የሚያሳየውን ቀይ መርፌ የሚጎትተው ክር ተበጥሷል። የሬዲዮ ዋና ሕመሙ ይሄ ነው አለኝ። ክሩ ሲበጠስ መርፌው ባለቤቱ ሲሰማው በነበረው ጣቢያ ላይ እንደቆመ ይቀራል፤ ቁልፉን ቢያሽከረክሩትም ንቅንቅ አይልም።

«ሰው ይዋሻል» አለ በጣቱ መስታወቱን መታ መታ እያደረገ። «ክሩ የተበጠሰ ሬዲዮ ግን ቢፈልግም አይችልም።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ጆሮዬ እየደማ ሳቅኩ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። አንድ ሬዲዮ ሲመጣ ካርቶን ለሁለት ይቀድና በሁለቱም ላይ አንድ ቁጥር ይጽፋል፤ ግማሹን ለባለቤቱ ይሰጣል፣ ግማሹን በክር ከሬዲዮው ጋር ያስራል። ስም አይጽፍም። «ስም የሚጽፍ ወይ ሞኝ ነው ወይ ቀበሌ ነው» ይላል። የማን እንደሆነ ግን በቃሉ ያውቃል፤ ለእኔም ይነግረኛል። እኔም ስም ሳልጽፍ ቁጥሩን፣ መርፌው የቆመበትን፣ በቤቱ ስንት ሰው እንደሚሰማ እመዘግባለሁ። ሰዓቱን ደግሞ ባለቤቶቹ ሬዲዮ ሊወስዱ ሲመጡ እንደ ጨዋታ አድርጌ እጠይቃለሁ። ለቅባቴ የሚሆን ቤት ሲሆን ጎኑ ላይ ኮከብ አደርጋለሁ።

ያገኘሁት ነገር አስገረመኝ። ብዙው መርፌ እንደሚጠበቀው በአገራችን ጣቢያ ላይ ነው። ጥቂት የማይባለው ግን አጭር ሞገድ ጫፍ ላይ፣ ከውጭ አገር በአማርኛ የሚናገረው ጣቢያ ላይ ቆሟል። ያንን ሲሰማ የተገኘ ሰው የሚደርስበትን ሁላችንም እናውቃለን። ለእኔ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር፤ እነዚህ ቤቶች ማስታወቂያዬን አይሰሙም።

ከእነዚያ አንዱ ቁጥር ዘጠኝ ነው። ቁጥር ዘጠኝ የቀበሌያችን ሊቀመንበር የቤት ሬዲዮ ነበር። ያመጣችው ሠራተኛው ናት፤ ጌታዋ ማታ ማታ ትራስ ሸፍኖበት ብቻውን እንደሚሰማ ለጋሼ የነገረችው ምንም ሳትጠረጥር ነው። መርፌውን ሳየው ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ጋሼ አፌን በእጁ ያዘ።

«ይሄን አላየህም» አለኝ።

«አላየሁም።»

ግን መዘገብኩት። ነጋዴ ያየውን አይተውም።

ቁጥር አሥራ ሰባትን ያመጣችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ከልደታ ማርያም ጀርባ በአንዲት ክፍል አምስት ጥልፍ የሚጠልፉ ልጃገረዶች አሰባስባ የምትሠራ፣ ባሏ የሞተባት ሴት። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ጋሼ፣ ክሩን ቶሎ ይሥሩልኝ» አለችው። «ስድስት ሆነን ነው የምንሰማው። ያለ እሱ እጃችን ለሥራ አይሄድም።»

እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጄ፣ መርፌውን ወዴት ልመልሰው?» አላት።

ገባት። ወደ እኔ አየች፤ ጋሼ ራሱን ነቀነቀላት። «ወደነበረበት» አለች። «ልጄ ግንባር ነው። የኛው ጣቢያ ከተማዋ በእጃችን ናት ይላል፣ ያኛው ወድቃለች ይላል። ሁለቱንም ሰምቼ መሐል ላይ ልጄን እፈልገዋለሁ።»

እንደ ሄደች ደብተሬን አወጣሁ። ለማስታወቂያ ሰው በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ የተቀመጡ ስድስት ሴቶች ማለት እንደ ስድስት ሱቅ ነው። የጻፍኩትን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ፦ «17። አጭር ሞገድ ጫፍ። ጥሩ ቤት። ስድስት ሰው በአንድነት ይሰማል።» ጎኑ ላይ ሁለት ኮከብ አደረግኩበት። ሁለት ኮከብ ያገኘ ቤት ያ ብቻ ነው።

ጋሼ ከትከሻዬ በላይ አነበበው። «ይሄን ደብተር አቃጥለው» አለኝ።

«ሰዓቱን ገዝቼ ልጨርስ፤ ከዚያ አቃጥለዋለሁ።»

«ዛሬ አቃጥለው።»

«ጋሼ፣ የሁለት ወር ልፋቴ ነው እኮ።»

ወደ ሥራው አጎነበሰ።

የቤት ለቤት አሰሳው የመጣው በሳምንቱ፣ ቀትር ላይ ነው። የአብዮት ጥበቃዎቹ መሪ ከአብዮቱ በፊት ጎሚስታ ነበር፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የመኪና ጎማ ይጠግን ነበር። ክንዱ እንደዚያው ቀርቷል። ቅባቱን ደፉት፣ በርሜሉን ገለበጡት፣ ወለሉን በአንካሴ ወጉት። ደብተሩ ባንኮኒው ላይ ነበር። አልደበቅኩትም፤ ለእኔ የሥራ ደብተር ነው። ጎሚስታው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። አሥራ ሰባት ጋ ሲደርስ ከንፈሩ ቆመ።

«ስድስት ሰው በአንድነት» አለ። «ህዋስ ነው።»

በድብቅ የሚሰበሰብ ቡድን ያኔ ህዋስ ነበር የሚባለው። «አይደለም፣ ቅባት…» ስል በጠመንጃው ሰደፍ አፌን አለኝ። ጥርሶቼ ከቅባቴ መሐል ወደቁ። ጋሼን ከጎን ሱቁ ሲያወጡት ገና ያልቀዘቀዘው የሽቦ መበየጃ በእጁ ነበር።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከአንድ ባለጸጋ የተወረሰ ቪላ ነው። እኔን ሳሎኑ ውስጥ፣ እሱን ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለው ክፍል አደረጉን። እጄን ከጉልበቴ ጋር አስረው፣ በመሐሉ እንጨት አሳልፈው፣ በሁለት ጠረጴዛ መሐል ገልብጠው ሰቀሉኝ። ውስጥ እግሬ ወደ ጣሪያ ዞረ። ወፌ ላላ ይሉታል። ጎሚስታው የሚገርፈው ከመኪና ጎማ በተቆረጠ ቁራጭ ነው፤ የሚያውቀውን ዕቃ ይወዳል።

«ቁጥሩ የምንድን ነው?»

«የሬዲዮ።»

«አሥራ ሰባት የማን ነው?»

«አላውቅም። ቅባት ልሸጥ ነው።»

«ለማን?»

«ለሴቶች።»

«ሴቶቹ አጭር ሞገድ ላይ ምን ይሠራሉ?»

«እኔም የሚያናድደኝ እሱ ነው።»

አንዱ ጠባቂ ሳቀ። ጎሚስታው ጠባቂውን ገላመጠውና እኔን ገረፈ። ሁለት ኮከቡ ማዕረግ መሰለው፤ «ባለ ሁለት ኮከቡ መሪ ማን ነው?» እያለ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጠየቀኝ። የቅባት ገዢ ደረጃ ነው ብዬ መለስኩ። ይህን መልስ ስሰጥ እኔ ራሴ ለጆሮዬ ውሸት መሰለኝ። ቆዳው መጀመሪያ ያብጣል፣ ቀጥሎ ይተረተራል፣ ቀጥሎ የሚመታው የራስህ እግር መሆኑን ትረሳለህ። ያን ጊዜ ያወርዱህና ውኃ ደፍተው እስኪያምህ ይጠብቃሉ።

እኔን ሲተዉ ጋሼን ይጀምራሉ። ግድግዳው ስስ ነበር። የሚሰማውን ቀኝ ጆሮዬን ከወለሉ ሲሚንቶ ጋር ሳጣብቅ ጩኸቱ ይቀንስልኛል፤ ግራውን የነሱኝን ሁለት ልጆች እዚያ ወለል ላይ ሆኜ አመሰገንኳቸው። ሬዲዮዎቹ ተሠርተው ወደየቤታቸው ገብተዋል። ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። አሥራ ሰባት የማን እንደሆነች ያለው በእሱና በእኔ ራስ ውስጥ ነበር። ከሁለታችን አንዳችን አፍ ከከፈትን ልብስ ሰፊዋና አምስቱ ልጃገረዶች አጥር ሥር ያድራሉ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለታችንን ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ ላይ ጣሉን። እጁን ሳይ ፊቴን አዞርኩ። ጣቶቹን በበር ጨፍልቀዋቸዋል። እነዚያ ጣቶች ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ይበይዱ ነበር።

«ተናገርክ?» አለኝ።

«አልተናገርኩም። እርስዎስ?»

«አልተናገርኩም። ነገ ግን እናገራለሁ። እንድታውቀው ነው። ዛሬን እችላለሁ፣ ነገን አልችልም።»

እኔም ከእሱ የተሻልኩ አልነበርኩም። ዘጠኝን አስብ ነበር። ከአፌ ሳይወጣ ነቃብኝ።

«ዘጠኝን እንዳትነካ» አለኝ። «ዘጠኝን ከነካህ ሁለታችንንም ይደፋናል።»

ነካሁት። ጠባቂውን ጠርቼ ለሊቀመንበሩ ብቻ የምናገረው አለኝ አልኩት። ተሸክመው ወሰዱኝ።

ሊቀመንበሩ ከአብዮቱ በፊት የእድር ጸሐፊ ነበር። ሰው ሲሞት መመዝገብ የቆየ ልምዱ ነው። ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጠባቂዎቹን አስወጣ።

«ተናገር።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ደብተሩን ሙሉውን አንብበውታል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ከአሥራ ሰባት ፊት ዘጠኝ አለ።»

ደብተሩን አልገለጠም። ሊገልጥ ይገባ ነበር፤ አለመግለጡን ሳይ ዕቃው እጄ ላይ እንዳለ አወቅኩ። «ምን ይላል?» አለ።

«አሥራ ሰባት የሚለውን ነው የሚለው። እዚያው ጫፍ ላይ። ልዩነቱ ዘጠኝን የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ትራስ ሸፍኖ።»

ተነሳና በሩን ዘጋ። ሽጉጡን አወጣና ደብተሩ ላይ አስቀመጠ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ነፋስ እንዳይወስድበት ወረቀት ላይ ዕቃ እንደሚጭን ሰው ነው ያስቀመጠው። «ይህን ማን ያውቃል?»

«የደብተሩ ግልባጭ በሬዲዮው ማስታወቂያ ክፍል ከሚሠራ ሰው ዘንድ ነው። ቀጠሮ አለን። ከቀረሁ ምንድን ነው ብሎ ይከፍተዋል።» ውሸት ነው። ያ ሰው ከእኔ ያገኘው ነገር ቢኖር የጊዜ ብክነት ብቻ ነው።

«ምን ትፈልጋለህ?»

«አሥራ ሰባት ይቅር። ሬዲዮ ሠሪውና እኔ እንውጣ።»

ወደ መስኮቱ ሄዶ ቆመ። ሲመለስ ፊቱ በሬ የሚገዛ ሰው ፊት ነበር። «ጥበቃዎቹ ሦስት ቀን ለፍተዋል» አለ። «ባዶ እጃቸውን ብሰዳቸው ነገ ስለ እኔ ይጠይቃሉ። አሥራ ሰባት ይቀራል። ሁለት ሰው ግን አልለቅም። አንድ።»

እድሜዬን ሙሉ ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ። ገዢ «አንድ» ሲል አንተ ዝም ትላለህ። መጀመሪያ የተናገረ ይከስራል፤ ሰንጋ ተራ ያስተማረኝ ይህን ነው። ዝም አልኩ። ዋጋውን ላስጨምር ነው ዝም ያልኩት ብዬ ብዙ ዓመት ለራሴ ነግሬዋለሁ። ሊቀመንበሩ ግን የሰንጋ ተራን ትምህርት አልተማረም። ትንሽ ጠበቀኝና ሽጉጡን አነሳ፤ ደብተሩን ከመሐሉ ገነጠለ፣ ክብሪት ጫረ፣ ገጾቹን መተርኮሻው ላይ አቃጠላቸው።

«ተስማማን» አለ።

ያኔ ነው አፌ የተከፈተው። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሁለታችን…»

«ተስማምተናል እኮ» አለኝ፣ እንደ መገረም ብሎ። «ወይስ እሱ ይውጣና አንተ ትቅር?»

ወለሉን አየሁ። ጠባቂዎቹን ጠራ።

ሲያወጡኝ በዕቃ ቤቱ በኩል አለፍን። በሩ ክፍት ነበር። ጋሼ ግድግዳውን ተደግፎ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ እንደማይነካ ዕቃ አስቀምጦ ተቀምጧል።

«ተፈታህ?» አለኝ።

«ተፈታሁ።»

«አሥራ ሰባትስ?»

«ቀርቷል።»

«ጎበዝ» አለኝ። ከልቡ ነው። ቀጥሎ፣ «እኔስ?» አለ።

«ነገ» አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ከቤቴ ወደ ሐኪም ሲወስዱኝ መንገድ ዳር አየሁት። ደረቱና ግንባሩ ተመትቷል። ካርቶን ለጥፈውበታል፤ «የአድኃሪያን ጆሮ» ይላል። ዝንብ ነበር። የያዘኝ ሰው «አትይ» አለኝ። አየሁ።

የቀኝ እግሬ ሁለት ጣቶች ስለበሰበሱ ተቆረጡ። ሱቄ ታሽጎ ለቀበሌው መጋዘን ሆነ። ሊቀመንበሩ በመንገድ ሲያገኘኝ «ያ ግልባጭ ደህና ነው?» ይለኝ ነበር፤ «ደህና ነው ጓድ» እለው ነበር። በሌለ ግልባጭ ሁለት ዓመት ኖርኩ። ከዚያ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ ተባለ።

ልብስ ሰፊዋን ከልደታ በር ላይ አገኘኋት። ልጃገረዶቹ ከበዋት ይሄዳሉ፤ ቆጠርኳቸው፣ አምስት ናቸው። «እኒያ ጋሼ ምን አድርገው ነው?» አለችኝ። በሥራቸው ነው አልኳት። በእሷ ሬዲዮ ምክንያት መሆኑን የነገራት ሰው የለም፤ እኔም አልነገርኳትም። ነግሬያት ቢሆን በደስታና በሐዘን መሐል ምን እንደምታደርግ አላውቅም።

የጋሼ ባለቤት ግን ቤቴ ድረስ መጣች። ማልቀስ በተከለከለበት ሰሞን ነው፤ ነጠላዋን እንኳ አልዘቀዘቀችም። ባሏን መጨረሻ ያየው ሰው እኔ እንደሆንኩ ሰምታለች።

«ምን አለህ?» አለችኝ።

«ጎበዝ አለኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላለም።»

አመስግናኝ ሄደች። ወደ ማስታወቂያ ክፍሉ ዳግመኛ አልሄድኩም።

ከአሥራ ሰባት ቁጥር ቤት ስድስቱም ተረፉ። እኔ ተረፍኩ። ሬዲዮ ሠሪው ተገደለ። ዋጋውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ።